ከሚፈርስ ግቢ የወጣች ጽጌረዳ፤ ስሟን የሚያውቅ አለ?

ሰላም ናችሁ የአትክልት ወዳጆች።

ጥያቄዬ አጭር ናት። አንዲት ጽጌረዳ እጄ ገብታለች፤ ማን ትባላለች?

ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል ሰማሁ። በግቢው ውስጥ፣ ከውሃ ጋኑ አጠገብ፣ አንዲት ጽጌረዳ እንዳለች ከልጅነቴ አውቃለሁ። ሽታዋ አጥር ተሻግሮ መንገደኛ ያስቆም ነበር። ባለቤቶቹን አስፈቅጄ፣ ስካቫተሩ ሳይገባ፣ ሐምሌ ላይ ከነአፈሯ በጆንያ ጠቅልዬ አወጣኋት። ሐረጎን ወርዳ አሁን ኮምቦልቻ እኔ ጓሮ ናት። ከተከልኳት ዓመት አልፏታል።

ቁመቷ ደረት ይደርሳል። አበባዋ ሮዝ፣ መሃሉ ጠቆር ያለ፣ ድርብርብ ነው። ግንዱ አንገቱ ጋ ቀጭን ስለሆነ አበባው ሲከብደው ያቀረቅራል። ቅጠሏ አያብረቀርቅም፤ አመድማ ነገር ነው። እሾኋ አንድ ዓይነት አይደለም። ትልልቅና ቆልመም ያለ አለ፣ በመሃል ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ አለ። ከክረምት በኋላ በደንብ ታብባለች፤ በልጉ ከጣለ ግንቦት ላይም ትንሽ ትሞክራለች።

የሰፈሩ ሰዎች ከጣሊያን በፊት የነበረች ናት ይላሉ። ስልኬ ላይ ያለው አፕ ለአንዱ ፎቶ አንድ ስም፣ ለሌላው ፎቶ ሌላ ስም ይሰጠኛል። ሰው ይሻላል ብዬ እናንተ ጋ መጣሁ።

(ከዚህ በታች ያለው የመልሶቹ ጭምቅ ነው። ክሩ ረዝሟል። በየጊዜው አዲስ ሰው ብቅ ይልና ላይኛውን ሳያነብ ቀጋ ናት ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በቁጥሩ ተርታ እኔው አስቀምጬዋለሁ።)

መልስ 1 እንኳን ደስ አለሽ የሚል ነው። ጸሐፊዋ ባለቤቶቹን ማስፈቀዴን አመስግናለች። የሰው አጥር ዘሎ ነቅሎ የሚሄድ በዝቷል ብላ ትንሽ አማርራለች። ጥሩ አጀማመር ነበር።

መልስ 2 ሳይውል ሳያድር ፈረደ። ቀጋ ናት አለ፣ አለቀ። ፎቶውን ከፍቶ ያየውም አልመሰለኝ።

መልስ 3 በትህትና አረመው። ቀጋ የራሳችን የሐበሻ ጽጌረዳ ናት፣ ሳይንሱ ሮዛ አቢሲኒካ ይላታል፣ ጆን ሊንድሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1820 እ.ኤ.አ. መዝግቧታል። ግን አበባዋ ነጭ ነው፤ አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው። እሾኋ ሁሉ እንደ ጭራቅ ጥፍር የታጠፈ ነው። ዛፍ ካገኘች ተንጠላጥላ ትወጣለች። የእኔዋ ድርብርብ ናት፣ ዛፍ ላይም አትወጣም። ወሎ ውስጥ ከብት የጠበቀ ሰው ሁለቱን አያምታታም የሚል ጎሸም ማድረጊያም አክሎበታል።

መልስ 4 ያን ጎሸም እንደ ግብዣ ወሰደው። የቦሩ ሜዳ ልጅ ነው። ቀዩን የቀጋ ፍሬ እየለቀሙ ሲበሉ ውስጡ ያለው ፀጉር ጉሮሮ እንዴት እንደሚበላ፣ ብልህ ልጅ ፍሬውን ከፍሎ ፀጉሩን ጠርጎ ልጣጩን ብቻ እንደሚበላ፣ ክፉ ልጅ ደግሞ ፀጉሩን ጓደኛው አንገት ላይ እንደሚበትን አወራን። መልስ 5 እና 6 ተከትለውት አጋምና እንኮይ ውስጥ ገቡ። እኔም አብሬ ልሄድ ስል ነው መልስ 7 የመለሰን።

መልስ 7 አዲስ አበባ የሚኖር፣ አሮጌ ጽጌረዳ የሚሰበስብ ሰው ነው። የአበባውን ፊት አታሳዪኝ አለ። ሮዝና ድርብርብ ጽጌረዳ በዓለም ላይ ስፍር ቁጥር የለውም። ከፊቷ ስም የሚያወጣ ሰውም፣ አፕም፣ ይገምታል እንጂ አያውቅም። የፈለገው ጀርባዋን ነው። ቅጠሉ ከሥር ፀጉር አለው? በአንድ ዘንግ ላይ ስንት ቅጠል ይደረደራል? ከአበባው በታች ያለው ጽዋ ክብ ነው ወይስ ሞላላ? አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ነገር አለ? እምቡጡን አቅፈው የሚይዙት አምስት አረንጓዴ ክንፎችስ ምን ይመስላሉ? ሁለቱ ጢም አላቸው፣ ሁለቱ የላቸውም፣ አንዱ በአንድ ጎኑ ብቻ ጢም አለው፤ ሄደሽ እዪ አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አንድ እምቡጥ ገልብጬ አየሁ። እውነት ነው! ሁለቱ ክንፎች ግራና ቀኝ የተንጨፈረረ ጠርዝ አላቸው። ሁለቱ ጠርዛቸው በምላጭ የተላጨ ነው። አምስተኛው በቀኙ ጢም አለው፣ በግራው ልሙጥ። ሌላ እምቡጥ አየሁ፤ ያው ነው። ክንፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ጫፋቸው ከእምቡጡ አልፎ ይወጣል። ከሥራቸው ያለውን ስነካው ጣቴ ላይ የሚያጣብቅ ነገር ቀረ፤ ሳሸተው ከአበባው የተለየ፣ ወደ ቅጠል የሚያደላ ሽታ አለው።

መልስ 8 ስለ ጢሙ ተሳለቀ። ግማሽ ጢም ያለውን የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ሥራ አስመሰለው። አልደብቅም፣ ስቄያለሁ።

መልስ 9 ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ቀልዱን ወደ ትምህርት መለሱት። እምቡጡ ገና ሲሠራ ክንፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባሉ አሉ። ጠርዙ ውጭ የቀረለት ጢም ያበቅላል፤ ጠርዙ በጎረቤቱ የተሸፈነበት ልሙጥ ይሆናል። ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ናቸው፣ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ውስጥ፣ አምስተኛው ግማሹ ውጭ ግማሹ ውስጥ። ስንቴ ጽጌረዳ አሽትተን ይህን ሳናይ ማለፋችን አስገርሞኛል። መልስ 10 ላይ የአዲስ አበባው ሰውዬ ተመልሶ የመምህሩን ማብራሪያ አጸደቀ። ነገር ግን ጢሙ ብቻውን ስም አይሰጥም፣ ብዙ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ አሮጌ ጽጌረዳዎች ይጋሩታል ሲል አስጠነቀቀን።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

መልስ 11 የጣሊያን ናት አለ። ቪላውን ጣሊያን ሠራው፣ አበባውንም ጣሊያን ተከለው፤ ደሴ ውስጥ አሮጌና ቆንጆ የሆነ ሁሉ የእነሱ ነው የሚል መንፈስ አለው። መልስ 12 ይሄን ሲያነብ ቱግ አለ። ኅዳር 1928 ከተማዋን ከአየር የደበደበ ጦር፣ ሚያዝያ ላይ ገብቶ ጽጌረዳ ሊተክልልን ኖሯል? ብሎ ጀመረ። ደሴን የቆረቆሩት ራስ ሚካኤል ናቸው፤ አይጠየፍ አዳራሽ ጣሊያን ሳይመጣ የቆመ ነው፤ ከተማዋም ነጋዴ ከየአገሩ የሚገባባት ገበያ ነበረች። አንዲት ዝንጣፊ በበቅሎ ጭነት መምጣት አያቅታትም ነበር። ክርክሩ ጥሩ ነበር፣ አነጋገሩ ግን ሻከረ። መልስ 11ን ታሪክ ከፌስቡክ የለቀመ ብሎ ሰደበው።

መልስ 13 ነገሩን አበረደው። ሁላችንም አባባ የምንላቸው የደሴ አባት ናቸው። ሐጅ ሄደው ጣኢፍን አይተዋል። ከመካ በላይ ተራራ ላይ ያለች፣ ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትርን የተሻገረች ከተማ ናት። ከፍታዋ ከእኛዋ ኮምቦልቻ ጋር ይቀራረባል። ጽጌረዳዋ በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይወጣባት ትለቀማለች፤ በትልልቅ የመዳብ ድስት ተቀቅላ ውሃዋና ዘይቷ ይወጣል። ካዕባም ሲታጠብ ከዘምዘም ጋር የጽጌረዳ ውሃ ይገባበታል። እሳቸው እዚያ ያሸተቱት ሽታና በልጅነታቸው ቧንቧ ውሃ ያሸተቱት አንድ ነው አሉ። የየመን ነጋዴዎች ደሴ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው፤ ሐጃጅም ይመላለስ ነበር። ዘሯን ከዚያ ፈልጉ ብለው መርቀውን ሄዱ።

እኔ በበኩሌ ሽታን እንደ ማስረጃ አልቀበልም። ናፍቆት ይቀላቀልበታል። ግን አባባ የጠቆሙት አቅጣጫ በኋላ እንደምታዩት ባዶ አልነበረም።

መልስ 14፣ 15 እና 16 እንዲያው ጠብ ናቸው። ማን የደሴ ልጅ ነው፣ ማን ደሴን በሚኒባስ መስኮት ነው የሚያውቃት። ጽጌረዳዋ ተረሳች። አወያዩ 16ን አጥፍቶ ሁለቱንም አስጠነቀቀ፤ ደግ አደረገ።

መልስ 17 ከመቀሌ ነው፤ ሌላ በር ከፈተ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. አሺል ሪሻር የተባለ ፈረንሳዊ የዕፅዋት ሊቅ ከትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ የተሰበሰበች ጽጌረዳ መዝግቧል፤ ስሟን ሮዛ ሳንክታ፣ ቅድስቲቱ ጽጌረዳ፣ ብሏታል። ከዚያ በ1888 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪ ፍሊንደርስ ፔትሪ ግብፅ ሐዋራ ላይ ከሮማውያን ዘመን መቃብር የደረቀ የአበባ ጉንጉን አወጣ። ቤልጂየማዊው የዕፅዋት ሊቅ ክሬፒን መርምሮት ከዚያችው ከእኛዋ ጋር አንድ ናት አለ። ስለዚህ ያንቺዋም እሷ ትሆናለች የሚል ነው ድምዳሜው።

ልቤ ዘለለ። መልስ 18 ወዲያው አወረደው። ሰብሳቢው ሰውዬ ነው። ቅድስቲቱ ጽጌረዳ ዝርግ አበባ ናት፣ አምስት ቅጠል ብቻ ያላት፣ ገርጣ ያለ ሮዝ፤ ቁመቷም አጭር፣ ወደ ጎን የምትሰፋ። የእኔዋ አይደለችም። ነገር ግን መልስ 17 ለሌላ ነገር ይጠቅማል አለ። ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት አገራችን ውስጥ ከቀጋ ሌላ ጽጌረዳ በግቢ ይተከል እንደነበር ያሳያል። ማለትም መልስ 12 ቢሳደብም ነጥቡ ትክክል ነው። መልስ 11 ከዚህ በኋላ ድምፁ ጠፋ።

መልስ 19 የአበባ እርሻ ላይ የሠራ ወጣት ነው፤ አጭርና ቆምጣጣ። ሁላችሁም በሥር እየተጨቃጨቃችሁ ነው አለ። ለገበያ የሚሆን ጽጌረዳ አብዛኛውን ጊዜ በራሷ ሥር አትቆምም፤ በሌላ ጽጌረዳ ጠንካራ ሥር ላይ ተጣብቃ ትዳቀላለች። በእርሻዎቹ ናታል ብራየር የተባለው ሥር በብዛት ይሠራበታል። ላይኛዋ ስትሞት ሥሩ አንሠራርቶ ያብባል፤ ሰውም ጥንታዊ ጽጌረዳ አገኘሁ ብሎ ያብዳል። አሜሪካ ውስጥ ዶክተር ሂዩይ የሚባለው ሥር በየድሮ ግቢው እንዲህ እያታለለ ነው የሚኖረው። ያንቺም ሥር ትሆናለች አለኝ።

ይህ መመለስ ያለበት ጥያቄ ነው። መልስ 20 የእኔ ነው። ስነቅላት የተዳቀለችበት እብጠት ግንዷ ላይ አልነበረም፤ ከአፈር በታችም ከላይም ቅርንጫፉ አንድ ዓይነት ነው። ዶክተር ሂዩይ ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው፤ እንደ እኔዋም ድርብርብ አይደለም። መልስ 21 ላይ ልጁ እሺ፣ እኔ ላስጠነቅቅ ነው እንጂ አለና ወጣ። ይቅርታ የሚባል ነገር በሙያው የለም መሰለኝ። ምክሩ ግን ሁልጊዜም መጀመሪያ መጣራት ያለበት ነው።

መልስ 22 ለእኔ የክሩ ልብ ነው። ጸሐፊዋ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የተማረች የሆርቲካልቸር ባለሙያ ናት። የሁላችንን ወሬ ሰብስባ በወንፊት ነፋችው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ማበብ የቻይና ጽጌረዳዎች ጸጋ ነው፤ እነሱም አውሮፓ የገቡት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት አውሮፓም ሆነ መካከለኛው ምሥራቅ የሚያውቁት ደጋግማ የምታብብ ጽጌረዳ የበልጓ ዳማስቆ ናት፤ በልግ ስትል የእነሱን መጸው ማለቷ ነው፣ የእኛን የካቲት አይደለም። ስለዚህ የእኔዋ ወይ ዳማስቆ ናት ወይ የቻይና ደም አለባት። የቻይና ደም ካለባት ቅጠሏ ለስለስና አብረቅረቅ ይላል። ቡርቦን የሚባሉት ጽጌረዳዎች፣ በሬዩንየን ደሴት በ1810ዎቹ እ.ኤ.አ. የተገኙት፣ ከሁለቱም ወገን ናቸው፤ ቅጠላቸው ግን ወደ ልሙጥ ያደላል። ፖርትላንድ የሚባሉት አሮጌ ጽጌረዳዎች ደግሞ አንገታቸው አጭር ነው፤ አበባው ቅጠሉ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። የእኔዋ አንገቷ ረጅምና ደካማ ነው፤ ቅጠሏ አመድማ ነው፤ እሾኋ ድብልቅ ነው። ቅጠሉን ገልብጠሽ ዳብሺው፣ ጽዋውንም ተመልከች አለችኝ።

ገለበጥኩት። ከሥሩ የጥጃ ጆሮ ነው የሚመስለው፤ ለዓይን የማይታይ ለጣት ግን የሚታወቅ ፀጉር አለው። ጽዋውም ክብ አይደለም፤ ጠበብ፣ ረዘም ብሎ ወደ አንገቱ ይቀጥላል።

እዚያው መልስ ላይ አንድ ነገር ጣል አድርጋለች። በ2000 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች የዳማስቆን ጽጌረዳ ዘረ መል መርምረው ሦስት ወላጆች እንዳሏት አገኙ፤ አንዷም የመካከለኛው እስያ ተራራ ጽጌረዳ ናት። የጣኢፏም የዚሁ ቤተሰብ ናት፤ ግን በዓመት አንዴ ነው የምታብበው። ስለዚህ የአባባ ሐሳብ ቤቱን መትቷል፣ ክፍሉን ስቷል አለች።

መልስ 23 የአባባ ነው። አልተቀየሙም። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አሏት። ጣኢፍ ክረምቷ ቀዝቃዛ ነው፣ አንድ ጸደይ አላት። እኛ ዘንድ በልግም ክረምትም ይዘንባል፤ መካከሉ ደግሞ ደረቅ ነው። ሁለት ዝናብ ያገኘች ጽጌረዳ ሁለቴ ብታብብ ምን ይገርማል? ስለዚህ ሁለቴ ማበቧ ከጣኢፍ አለመምጣቷን እንዴት ያስረዳል?

ይሄ ጥያቄ ከኢንተርኔት የማይገኝ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ አራት ወቅት ላለው አገር የተጻፈ ነው።

ልጅቷም አከበረቻቸው፤ ልክ ነዎት አለች። መልስ 24 ላይ ሌላ መለያ ይዛ መጣች። አበባው የወጣው ከየትኛው እንጨት ላይ ነው? አንዴ የምታብብ ጽጌረዳ ባለፈው ዓመት እንጨት ላይ፣ ከጎን በሚወጡ አጫጭር ቅርንጫፎች ነው የምታብበው። አዲስ ዘንግ ካወጣች ያ ዘንግ በዚያው ወቅት ጫፉ ላይ አያብብም፤ ተራውን ይጠብቃል። ደጋግማ የምታብበው ግን አዲሱን ዘንግ ራሱን በአበባ ትዘጋዋለች። ዝናቡ ስንት ቢሆን ይሄ አይለወጥም አለች።

መልስ 25 የእኔ ነው፣ እየሮጥኩ ነው የጻፍኩት። ስተክላት አሮጌውን ሁሉ ክርክም አድርጌው ነበር። ከሥር አንድ ወፍራም አዲስ ዘንግ ወጣ፤ መጀመሪያ ቀላ ያለ፣ በእነዚያ ቀጫጭን እሾሆች የተወረረ። ያው ዘንግ ከተከልኳት በኋላ በመጣው ጥቅምት ላይ፣ ገና ልጅ ሳለ፣ ጫፉ ላይ እምቡጦች በዘለላ አወጣ። ፎቶው በስልኬ ላይ ነበር፤ ለጠፍኩት።

መልስ 26 ሰብሳቢው ነው። በልጓ ዳማስቆ ናት ለማለት ከዚህ የበለጠ በፎቶ አይገኝም አለ። መምህሩም በ27 ተስማሙ። አባባ በ28 ማሻአላህ ብለው፣ ዳማስቆም ሆነ ጣኢፍ መንገዱ አንድ ነው፣ ቀይ ባሕርን ነው የተሻገረችው ሲሉ አቋማቸውን አለሰለሱ። በመንገዱ አልከራከራቸውም።

መልስ 29 ስንት ትሸጫታለሽ አለ። መልስ 30 አፍህን ያዝ አለው። ገበያ የሚያስበውን ሰው ይሄን ያህል ማሸማቀቅ ምን ይባላል? ችግኝ ሸጦ የሚኖር አለ። ለማንኛውም አልሸጣትም፤ ለፈለገ ዝንጣፊ እሰጣለሁ።

መልስ 31 ላይ እትዬ የምንላቸው ሴት የዝንጣፊ አተካከሉን ነገሩን፤ ከሁሉም የሚጠቅመው ይሄ ነው። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ያበበና የረገፈ እንጨት፣ አንድ ስንዝር ያህል። የታችኛውን ቅጠል አንሱ፣ ከላይ ሁለት ተዉ። ሁለት እጁን አሸዋ የበዛበት አፈር ውስጥ ቅበሩት። ሰኔ ማብቂያ ላይ ዝናቡ ሲገባ ይሁን። ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፉበት፣ ክዳኑን ክፈቱለት፣ ጥላ ሥር አኑሩት። እየነቀላችሁ ሥር አወጣ አላወጣ እያላችሁ አታስጨንቁት። ዳማስቆ በራሷ ሥር ከሆነች ደግሞ ከጎኗ ልጅ ታወጣለች፤ እሱን ከነሥሩ መክፈል ከዝንጣፊ ይቀላል። መልስ 32 ማር ነክሮ መትከል ይሻላል አለ። መልስ 33 ማሩን በእንጀራ ብላው አለው።

መልስ 34 መምህሩ ናቸው፤ ነገሩ በፎቶ እንዳይቀር መከሩኝ። አበባ፣ እምቡጥ፣ ቅጠልና ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅ፤ የተገኘችበት ቦታ፣ ከፍታው፣ የአበባው ቀለምና ሽታ ይጻፍበት፤ ቀለሙ ሲደርቅ ይሄዳልና። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክር ይሂድ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አሁን ከብረት ምጣድ በታች ተጭኖ ነው፤ ቤተሰቡ እንጀራ በሌላ ምጣድ ይጋግራል።

መልስ 35 እስከዚያው ምን እንበላት አለ። ሰብሳቢው በ36 እንደነገረን ውጭ አገር አሮጌ ጽጌረዳ የሚያድኑ ሰዎች ስሟ እስኪረጋገጥ ድረስ በተገኘችበት ቦታ ነው የሚጠሯት። እኔም የቧንቧ ውሃ ጽጌረዳ አልኳት። መልስ 37 ያ ቤት በትክክል ሲታይ ወደ ሌላው ሰፈር ነው የሚያዘነብለው ብሎ ወሰን ማካለል ጀመረ። መልስ 38 እና 39 ካርታ ይዘው መጡ። በዚህ አልገባም።

ዝንጣፊ የምትፈልጉ ሰኔ መጨረሻ ላይ ኮምቦልቻ ኑ፤ እርጥብ ጨርቅና ላስቲክ ይዛችሁ ኑ። በፖስታ አልክም፣ መንገድ ላይ ይደርቃል። ቅድሚያ ለአባባ ነው።

መልስ 40 የሎሚ ዛፌ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ነው፣ ምን ላድርግ ይላል። ወንድሜ፣ ለሎሚው የራሱን ክር ክፈትለት።